ለአሰላና ለአርሲ ደጋ የሚስማማው የበለስ ዝርያ

ከውጭ አገር የሚመጣ የችግኝ መዘርዝር ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዲት ቃል የብዙ ሰው ገንዘብ ታጠፋለች፤ እርስዋም «ክረምት» የምትለዋ ቃል ናት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚታተመው መዘርዝር ስለ አንድ የበለስ ዛፍ «ክረምትን ይችላል» ብሎ ሲያመሰግን፣ ክረምት የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን፣ ውኃ እንደ ድንጋይ የሚረጋበትንና ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ እንደ ደረቅ እንጨት የሚቆምበትን ወራት ነው። የአሰላ ሰው ግን ክረምት ሲባል የሚታየው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ፣ ጭጋጉና ጭቃው ነው። ሁለቱ በስም ይገናኛሉ እንጂ በነገር አይገናኙም። ስለዚህ በዚህ ቃል ብቻ ተመርቶ ችግኝ የገዛ ሰው፣ ለሌላ አገር በሽታ የተቀመመ መድኃኒት ገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው። በለስ ከተተከለ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሳያልፍ ደኅና ፍሬ ስለማይሰጥ፣ ስሕተቱ የሚታወቀው ገንዘቡም ጊዜውም ካለፈ በኋላ ነው።

በለስ ሲባል የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በትግራይ በብዛት የሚገኘውና በየመንገዱ ዳር እሾሁ እየተጠረገ የሚሸጠው በለስ የቁልቋል ፍሬ ነው፤ ትውልዱም ከአሜሪካ ነው። እዚህ የሚነገረው ግን ስለ ሌላው፣ ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ስለሚጠራው፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት ስለ ተከፋፈለው፣ ፍሬው ትኩሱም ደረቁም ስለሚበላው ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ለኢትዮጵያ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ ሾላና ዋርካ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ለጉባኤና ለዕርቅ የሚቀመጡበት ኦዳም ከዚሁ ወገን ነው።

ዝምድናቸው በጣም የሚታወቀው በአበባቸው ነው። የእነዚህ ዛፎች ሁሉ አበባ በውጭ አይታይም፤ ፍሬ የምንለው ነገር ራሱ ከረጢት ሆኖ አበቦቹን በውስጡ ይዟቸዋል። በከረጢቱ ጫፍ ላይ «ዓይን» የምትባል ትንሽ ቀዳዳ አለች። በዚያች ቀዳዳ የአበባውን ብናኝ ይዛ የምትገባው እጅግ ደቃቅ የሆነች ተርብ ናት። ሾላ የራሱ ተርብ አለው፤ በለስም የራሱ አለው፤ የአንዱ ተርብ ለሌላው አታገለግልም። ስለዚህ «አገራችን በሾላ የተሞላ ነውና በለስም ያለ ችግር ያፈራል» የሚለው አስተሳሰብ ቢመስልም ስሕተት ነው።

ይህን ባለማወቅ የደረሰውን ኪሣራ ለመረዳት የካሊፎርኒያን ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። የዚያ አገር ገበሬዎችና ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ከ1880 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከስሚርና፣ ማለት ከዛሬዋ ኢዝሚር፣ በዓለም ገበያ የታወቀውን የደረቅ በለስ ዝርያ ቅርንጫፍ በብዙ ሺሕ አስመጥተው ተከሉ። ዛፎቹ በደኅና አደጉ፤ ፍሬም ያዙ። ነገር ግን ፍሬው አውራ ጣት ሳያህል እየረገፈ አለቀ። የስሚርና ነጋዴዎች ሐሰተኛ ዝርያ ሸጠውልናል የሚል ሐሜትም ተነሣ። የጐደለችው ግን ተርቧ ነበረች። ተርቧን የምታኖረው ተባዕቱ የበለስ ዛፍ ተተክሎ፣ እርስዋም ከውጭ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1899 በፍሬዝኖ አካባቢ ከተለማመደች በኋላ ነው ፍሬው ሊጸና የቻለው። እስከዚያ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል አልፏል። ነጋዴን ያለ በደሉ ማማት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነም ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ በአሰላ በለስ ለመትከል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ብርድ ይችላልን?» የሚል ሳይሆን «ያለ ተርብ ያፈራልን?» የሚል ይሆናል። የስሚርና ወገን የሆኑት ሁሉ፣ በቱርክ ሳሪሎፕ፣ በካሊፎርኒያ ካሊሚርና የሚባለውም ጭምር፣ በዚህ ጥያቄ ይወድቃሉ። ሳን ፔድሮ የሚባለው ወገን ደግሞ ግማሽ ያልፋል፤ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ የሚወጣውን የመጀመሪያ ፍሬ ያለ ተርብ ያበስላል፣ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ የሚወጣውን ሁለተኛውን ግን ያረግፋል። ሦስተኛው ወገን፣ ተራ በለስ የሚባለው፣ ተርብ ሳያይ ሁሉንም ያበስላል። ምርጫው ሁሉ የሚደረገው በዚህ በሦስተኛው ወገን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአርሲ ደጋ ብርድ ምን ዓይነት ብርድ ነው የሚለው ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ተቀምጣለች። በስተ ሰሜን ጥቂት ዝቅ ብሎ በ2,200 ሜትር ላይ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያለበት ስፍራ የቀን ከፍተኛ ሙቀቱ በአማካይ 23 ዲግሪ፣ የሌሊት ዝቅተኛው 10 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን አኃዝ ከሌሎች አገሮች ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የደረቅ በለስ አገር በሆነው በቱርክ የአይዲን ሸለቆ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ይበልጣል። በቺካጎ ደግሞ በጥር ወር ቅዝቃዜው አንዳንድ ጊዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። አሰላ ሁለቱንም አትመስልም። የአሰላ ቀን ዓመቱን ሙሉ የሚቀራረበው ከደቡብ እንግሊዝ የሐምሌ ቀን ጋር ነው። የእንግሊዝ አትክልተኞችም በለስን በግንብ ሥር ተክለው ካረጁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ስለዚህ ለአርሲ ደጋ የሚሆነው ትምህርት ከቺካጎ ክረምት ሳይሆን ከእንግሊዝ አገር በጋ ይገኛል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቺካጎ የሚፈራው ዛፉ በበረዶ ተመትቶ እንዳይሞት ነው። በአሰላ ዛፉ አይሞትም፤ ያንቀላፋ የበለስ ዛፍ ከዜሮ በታች ሰባት ስምንት ዲግሪ ቢደርስበት ይችላልና፣ በአርሲ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር በጠራ ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ግንዱን አይገድለውም። የሚጐዳው ለጋው ቅጠልና ጥሬው ፍሬ ነው። ከሁሉ የበለጠው ጭንቀት ግን ሙቀት በማነሱ ፍሬው ቶሎ አለመብሰሉ፣ ዘግይቶም ከዝናብ ጋር መገናኘቱ ነው። የበሰለ በለስ ዝናብ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ በዓይኑ በኩል ውኃና ዝንብ ይገባበታል፤ በሁለት ቀንም ውስጥ ኮምጥጦ ይወድቃል። የዛፉ ጠላት የእኛው ክረምት ነው እንጂ የእነርሱ ክረምት አይደለም።

በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ በውጭ አገር የብርድ ጀግና ተብለው የሚወደሱት ዝርያዎች ክብራቸው ይቀንሳል። «ቺካጎ ሃርዲ» የሚባለው የተመሰገነው ግንዱ በበረዶ ቢሞትም ከሥሩ አቆጥቁጦ በዚያው ዓመት በአዲሱ ቅርንጫፍ ስለሚያፈራ ነው፤ በአሰላ ግንዱ የሚሞትበት ምክንያት ስለሌለ ይህ ሙያው ሥራ ያጣል። ክፉ ዛፍ አይደለም፤ ለስሙ ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ ግን ከንቱ ነው። «ደዘርት ኪንግ» በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በጋው ቀዝቃዛ በሆነበት አገር፣ እጅግ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን የሳን ፔድሮ ወገን ስለሆነ ሁለተኛው ፍሬው ይረግፋል። «ብራንስዊክ» በእንግሊዝ ቀድሞ የሚደርስና ፍሬው ትልቅ ነው፤ ዓይኑ ግን ሰፊ በመሆኑ እርጥበት ቶሎ ያበላሸዋል። «ካዶታ»፣ ጣሊያኖች «ዶታቶ» የሚሉት፣ ዓይኑን በማር በሚመስል ጠብታ የሚዘጋ ድንቅ ዝርያ ነው፤ ለማድረቅም ለጣሳም ይሆናል። ይሁን እንጂ ሙቀት ይወዳል። እርሱን በአሰላ ከመሞከር ወደ ዴራ ወይም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ወርዶ መትከል ይሻላል፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ መሬቱም በየሺሑ ሜትር ዝቅ ሲል ስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በአንጻሩ በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ በለስ በግንብ ተከልሎ ለቤት ደስታ ሊተከል ይችላል፤ ለንግድ ብሎ መሬት መስጠት ግን አይመከርም። ያ መሬት የገብስና የስንዴ ነው።

እንግዲህ ለአሰላና ለአካባቢዋ ሁለት ዝርያዎች ይቀራሉ፤ እነርሱም «ብራውን ተርኪ» እና «ሴለስት» ናቸው። ሁለቱም ያለ ተርብ ያፈራሉ። ሴለስት ፍሬው ትንሽ፣ ጣዕሙ እጅግ ጣፋጭ፣ ዓይኑም ጥብቅ ዝግ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ለረጅም ዘመን የተወደደውም ስለዚህ ነው። ብራውን ተርኪ ፍሬው መካከለኛና ቡናማ ሐምራዊ ነው፤ ጣዕሙ ደኅና ነው እንጂ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዓይኑም እንደ ሴለስት አይዘጋም። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ሴለስት በረታች ነበር። ነገር ግን ፍርዱን የሚለውጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ግርዘት ነው።

ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ በሌለበት ደጋ የበለስ ዛፍ ፈጽሞ አያንቀላፋም። ባለቤቱ ካልከለከለው በቀር ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያፈራ፣ ግማሹን ለፀሐይ፣ ግማሹን ለዝናብ ይሰጣል። ይህን በትክክል የመለሱት በብራዚል በሳን ፓውሎ አቅራቢያ ያሉት የቫሊንሆስ ገበሬዎች ናቸው። እነርሱ የሚተክሉት «ሮሾ ዴ ቫሊንሆስ» የሚሉት ዝርያ ከብራውን ተርኪ ወገን ነው። ዛፉን በየዓመቱ በአንድ ወራት እስከ ዋናው ግንድ ድረስ ይገርዙታል፤ አዲስ የሚያቆጠቁጡት ጥቂት ቅርንጫፎችም በአምስት ወር ገደማ የበሰለ ፍሬ ይሰጣሉ። በዚህ ዓይነት የመከሩን ወራት የሚመርጠው ሰው እንጂ ዛፉ አይደለም።

ይህ አሠራር ወደ አሰላ ቢመጣ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ዛፉ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ይገረዛል። ክረምቱ አዲሱን ቅርንጫፍ ያሳድጋል፤ በዚያ ጊዜ የበሰለ ፍሬ ስለሌለ ዝናቡ የሚያበላሸው ነገር አያገኝም። አሰላ ከቫሊንሆስ ስለምትቀዘቅዝ አምስት ወር የተባለው ስድስትም ሰባትም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፍሬው ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ የካቲት፣ በጠራው ፀሐይ ይደርሳል፤ የበልግ ዝናብም ሳይደርስበት ይለቀማል። ግርዘቱ ወደ ጥር ቢዛወር ግን ፍሬው የሚበስለው በሐምሌ ጭጋግ መካከል ይሆናል፤ ከዚህ የከፋ ወራት መምረጥም አይቻልም። ብራውን ተርኪ ይህን የመሰለ ጽኑ ግርዘት ይችላል፤ በአዲሱ እንጨትም በብዛት ያፈራል። ሴለስት ግን በጽኑ ስትገረዝ ፍሬዋን ትቀንሳለች። ስለዚህ ምስጋናው ለብራውን ተርኪ ይሆናል። መቀስ የማያነሣ፣ በግቢው አንድ ሁለት ዛፍ ብቻ ተክሎ ለልጆቹ የሚያበላ ሰው ግን ሴለስትን ቢመርጥ ዓይኗ የተዘጋ በመሆኑ ዝናብ ቢያገኛትም ከሌሎቹ ይልቅ ትጸናለች።

ይሁን እንጂ አንዱን ወደዱ ማለት አንዱን ብቻ ተከሉ ማለት መሆን የለበትም። ይህን ከማንም ይልቅ የአርሲ ገበሬ ያውቀዋል። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ በምርቱ ተወድዶ አገሩን ከሞላው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። ብዙዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞሩ፤ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ2013 የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ አጠፋው። ስንዴ የዘራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘር ይገዛል፤ ዛፍ የተከለ ሰው ግን ዓመታት ይቀሩታል። ስለዚህ ሃያ ችግኝ የሚተክል ሰው አሥራ አራቱን ብራውን ተርኪ፣ አራቱን ሴለስት፣ ሁለቱን ደግሞ ሌላ ለሙከራ ቢያደርግ የሚያጣው ጥቂት ነው። በጨንቻ ደጋ ፖም የተስፋፋውም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች፣ እንደ አናና ዶርሴት ጎልደን ያሉት፣ ለደጋችን ስለተስማሙ ነው፤ በአውሮፓ ገበያ ስማቸው የገነነው ብርድ ፈላጊ ፖሞች በዚህ ሙያ አያገለግሉም ነበር።

ችግኙን ስለማግኘት የሚነገረው አጭር ነው። በለስ በዘር አይባዛም፤ ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልምና። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ሁለት ሦስተኛው በአፈር ተቀብሮ ሲተከል ሥር ይሰዳል። ይህ ቀላልነቱ አደጋም አለበት፤ ቅጠሉን በቢጫ ዝንጉርጉር የሚያበላሸው የበለስ ቫይረስ ከእናት ዛፍ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚሁ ቅርንጫፍ ነው። ከውጭ አገር በሻንጣ ተደብቆ የሚገባ ቅርንጫፍ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ዕዳ ነው፤ በሕግም ከግብርና ባለሥልጣን የመግቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ሻጩንም «የዝርያው ስም ማን ነው? እናቱ ዛፍ የት አለች? ያለ ተርብ ስታፈራ ታይታለችን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «የፈረንጅ በለስ ነው፤ ብርድ ይችላል» ከማለት በቀር መልስ ለሌለው ሰው ገንዘብ ባይቆጠርለት ይሻላል።

የሚተከልበት ስፍራ ወደ ፀሐይ የተከፈተ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ውኃ የማይተኛበት መሆን አለበት። የአሰላ ሸክላማ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚይዝ ችግኙን ከፍ ባለ ቦይና ጉብታ ላይ መትከል ያስፈልጋል። የድንጋይ ግንብ በአጠገቡ ቢኖር ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። በበጋ ውኃው ጥቂት ይሁን እንጂ የሚቋረጥ አይሁን፤ ለብዙ ቀን ከተጠማ በኋላ በአንድ ጊዜ የጠገበ ዛፍ ፍሬውን ይሰነጥቃል።

ስለ ሽያጩ ነጋዴው አንድ ነገር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። በለስ እንደ ሙዝ ወይም እንደ አቡካዶ ጥሬውን ተለቅሞ በመጋዘን አይበስልም፤ በዛፉ ላይ ሲበስል ብቻ ይጣፍጣል፤ ከተለቀመ በኋላም ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ከአሰላ በአዳማ በኩል እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ጠዋት በማለዳ የተለቀመ በዚያው ቀን ይደርሳል፤ ነገር ግን በጆንያ ወይም በላይ በላዩ በተደረደረ ሣጥን ከተጫነ የሚደርሰው ጭማቂ ነው። ከእነ እንጨቱ ተቆርጦ፣ አንድ ተርታ ብቻ በሚይዝ ዝቅተኛ ሣጥን ውስጥ ገለባ ተነጥፎለት መጓዝ አለበት። የሚለቅመው ሰው እጁን ይሸፍን፤ ከእንጨቱ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳን ያቈስላል።

በታኅሣሥ የሚደርሰው ፍሬ የነቢያት ጾምን፣ በየካቲት የሚደርሰው ደግሞ የዐቢይ ጾምን ደጃፍ ያገኛል፤ በእነዚህ ወራት ፍራፍሬ ፈላጊው ይበዛል። ለትኩስ ገበያ ያልተመቸው በአሰላ የበጋ ፀሐይ ሊደርቅ ይችላል፤ ሦስት ኪሎ ትኩስ በለስ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣዋል። የደረቀው ለወራት ስለሚቆይም በየዓመቱ ወራቱን ለሚለዋውጠው ለረመዳን ጾም ማፍጠሪያ ከቴምር ጐን ሊቀርብ ይችላል። የተሰነጠቀውና የተጨፈለቀው ለማርማላታ ይሆናል፤ በለስ ኮምጣጣነት ስለሚያንሰው በሚፈላበት ጊዜ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል፤ ያለዚያ ጣዕሙ ጣፋጭ ብቻ ይሆናል፣ በብልቃጥም ለብዙ ጊዜ አይቆይም።